የኦክቴን ቁጥርን ማን ከፈለው? ከእርሳስ ቤንዚን እስከ ሞያሌ ጄሪካን

ባለፈው ወር ከኢስሊ ዕቃ ጭነን ስንመለስ ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። መኪናው አብራኝ የምትነግድ እህት በቅርቡ የገዛችው ቶዮታ ፊልደር ነው። ቀጂው ልጅ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ «ሱፐር ወይስ ቪ-ፓወር?» አላት። እሷም ወደ እኔ ዞራ «የቱ ይሻላል?» አለችኝ። «ሱፐር ይበቃሻል» አልኳት። «ውዱ አይሻልም እንዴ?» ስትለኝ ግን ሳቄ መጣ። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያው እያሰብኩ ከኪሴ ስከፍል ነበርና።

መልሱ እዚያው ማደያ ላይ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም፤ ታሪክ አለው። ታሪኩ ከአሜሪካ ተነስቶ አሰብንና ሞምባሳን፣ ዳካርንና ፊንጫን ዞሮ እዚሁ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ይመጣል። እኛም ሳናውቀው አለንበት። ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሩ ምን ይለካል?

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት እናስወግድ። ኦክቴን የቤንዚን ጉልበት መለኪያ አይደለም። 95 የተባለው ከ91 የበለጠ ኃይል በውስጡ አልያዘም። ቁጥሩ የሚለካው ሌላ ነገር ነው።

ሞተር ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፒስተኑ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ወደ ላይ ይጨምቀዋል። ሰዓቱ ሲደርስ ካንዴላው እሳት ይሰጣል። እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ በሥርዓት እየተዳረሰ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል፤ መኪናውም ይሄዳል። ችግሩ፣ ድብልቁ ሲጨመቅ ይሞቃል። ቤንዚኑ ያንን ሙቀትና ግፊት መታገስ ካልቻለ፣ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ጥግ ላይ ያለው ራሱን ችሎ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ሞተሩ ያንኳኳል፤ በተለይ ዳገት ላይ፣ ነዳጅ ስትረግጡ፣ ጣሳ ውስጥ ሳንቲም እንደሚነቀንቁ ያለ ድምፅ ትሰማላችሁ።

ድግስ ቤት ዳቦው ሳይቆረስ እጁን የሚሰድ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዝቅተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን እንደዚያ ነው። ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ደግሞ ዳቦው እስኪቆረስ የሚጠብቀው ነው። ስለዚህ የኦክቴን ቁጥር የትዕግሥት ቁጥር ነው ማለት ይቻላል። ሞተራችሁ አጥብቆ የሚጨምቅ ከሆነ ታጋሽ ቤንዚን ይፈልጋል። ለስለስ አድርጎ የሚጨምቅ ከሆነ ግን ለተጨማሪው ትዕግሥት መክፈል ትርፍ የለውም።

መለኪያውን ያወጣው ግራሃም ኤድጋር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው፤ ዘመኑም 1926 ገደማ። ሁለት ንጹሕ ፈሳሾች ወሰደ። አንደኛው ሄፕቴን ይባላል፤ ቶሎ የሚያንኳኳ በመሆኑ 0 ሰጠው። ሁለተኛው አይሶ-ኦክቴን ነው፤ ታጋሽ በመሆኑ 100 ሰጠው። አንድ ቤንዚን 95 ነው ሲባል፣ 95 እጅ አይሶ-ኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን የሆነ ድብልቅ የሚታገሰውን ያህል ይታገሳል ማለት ነው። እስከ ዛሬ በዚሁ ሚዛን እንገዛለን።

ርካሹ መንገድ

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ መኪና ሠሪዎች አጥብቆ የሚጨምቅ፣ ትንሽ ጠጥቶ ብዙ የሚሠራ ሞተር መሥራት ፈልገው ነበር። የከለከላቸው ይኸው ማንኳኳት ነው። በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን ከተማ በነበረው የጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ ቶማስ ሚጅሊ የተባለ መሐንዲስ ብዙ ነገር እያፈራረቀ ሞከረ። በታኅሣሥ 1921 ቴትራኤቲል ሌድ የተባለ የእርሳስ ውሕድ በጥቂቱ ሲጨምር ማንኳኳቱ ጸጥ አለ። እርሳስ ስል ልጆቻችን የሚጽፉበትን አይደለም፤ ከባዱን ብረት ነው።

ሌላም መንገድ እንደነበረ ያን ጊዜም ይታወቅ ነበር። አልኮል፣ ማለትም ከሸንኮራና ከእህል የሚወጣው ኤታኖል፣ ማንኳኳትን ይከላከላል። ነገር ግን አልኮልን ማንም ገበሬ ሊጠምቀው ይችላል፤ ብቻውን ይዞ ለማትረፍ አይመችም። በእርሳሱ ላይ ግን የባለቤትነት መብት ማውጣት ይቻላል፤ የሚጨመረውም ለአንድ ሊትር ከአንድ ግራም ያነሰ ስለሆነ በጣም ርካሽ ነው። ንግድ ለተማረ ሰው ውሳኔው ግልጽ ነው። ሸቀጡን «ኤቲል» ብለው ሰየሙት፤ እርሳስ የሚለውን ቃል ከስሙ አወጡት። በየካቲት 1923 እዚያው ዴይተን የመጀመሪያው የእርሳስ ቤንዚን ለሕዝብ ተሸጠ።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሚጅሊ ራሱ በዚያው በ1923 መጀመሪያ ታሞ ለማገገም ሥራውን ትቶ ከርሟል። በጥቅምት 1924 ደግሞ በኒው ጀርሲ፣ ቤይዌይ በሚገኝ ማጣሪያ ውሕዱን ያመርቱ የነበሩ ሠራተኞች አእምሯቸው ተቃወሰ፤ አምስቱ ሞቱ፤ ሌሎች ብዙዎች ሆስፒታል ገቡ። ጋዜጦች ጩኸት ሲያሰሙ ሚጅሊ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ በፈሳሹ እጁን ታጠበ፣ ሽታውንም ሳበ፤ ምንም አይደለም ለማለት ነው። አሊስ ሃሚልተን የተባሉ የሥራ ጤና ሐኪም በ1925 በዋሽንግተን በተጠራው ስብሰባ ላይ አስጠንቅቀው ነበር። ሽያጩ ለጥቂት ጊዜ ቆመና በ1926 እንደገና ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ወደ 50 ዓመት ያህል ከባድ ጥያቄ የጠየቀው ጥቂት ሰው ነው።

ስለ ሚጅሊ እጅ መታጠብ መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው።

አባቴ አዲስ አበባ የላዳ ታክሲ ሾፌር ነበር። ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ከጎረቤት መኪና ለመቅዳት ጎማ ቱቦ ታንኩ ውስጥ ይከትና በአፉ ይስበዋል። አንዳንዴ ያመልጠውና ይጎነጨዋል፤ ምራቁን ቱፍ ብሎ በወተት ይጉመጠመጣል። ማታ ግራሶው ከእጁ አልለቅ ሲለው ጣሳ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ቀድቶ ይታጠባል፤ እኔ ነበርኩ ጣሳውን የምይዝለት። በዚያው እጁ ጎርሶ ያጎርሰኛል። ማንም «ተው» አላለውም፤ ያወቀም አልነበረም። እጁ ዛሬ ይንቀጠቀጣል። ሰባ ያለፈ ሰው እጁ ቢንቀጠቀጥ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ያላለውን እኔ አልልም። ግን ያ ጣሳ ከዓይኔ አይጠፋም።

አሰብና ሞምባሳ

እርሳሱ ወደ እኛ የመጣው እንዴት ነው? በሁለት ወደብ በኩል ነው። ኢትዮጵያ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በ1967 ሥራ ጀመረ። በኬንያ ደግሞ የሞምባሳው ማጣሪያ በ1963፣ በነጻነቱ ዓመት መሆኑ ነው፣ ማጣራት ጀመረ። በእነዚያ ዓመታት በዓለም ዙሪያ የማጣሪያዎች ነገር አንድ ነበር። ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ በቀጥታ የሚወጣው ቤንዚን ትዕግሥቱ ዝቅተኛ ነው። ያንን ከፍ ለማድረግ ወይ ተጨማሪ ውድ መሣሪያ ተክሎ የቤንዚኑን ጠባይ መለወጥ ያስፈልጋል፣ ወይ ትንሽ እርሳስ ጨምሮ መሸጥ ነው። ድሃ አገር ሁለተኛውን ይመርጣል። ቢቸግር ጤፍ ብድር ነው ነገሩ።

ብድር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዲፕሎማዬን ስማር አንድ መምህራችን ሁልጊዜ የሚሉት ነገር ነበር፤ «ሸቀጡ የረከሰው ወጪው ስለቀነሰ ነው ወይስ ወጪው ወደ ሌላ ሰው ስለተዛወረ ነው? ይህን ሳትጠይቁ አትርፈናል አትበሉ።» የእርሳስ ቤንዚን ወጪው የተዛወረ ሸቀጥ ነው። ማጣሪያው አልከፈለም፤ ባለመኪናውም በማደያው አልከፈለም። ጭሱ ውስጥ ወጥቶ መንገድ ዳር አፈር ላይ ያረፈውን እርሳስ የከፈለው መሬት ላይ የሚጫወተው፣ እጁን አፉ ውስጥ የሚከተው ሕፃን ነው። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ትኩረቱንና የመማር ችሎታውን ይቀንሳል። በአዋቂ ላይ ደግሞ የደም ግፊትንና የልብ ሕመምን ያባብሳል። መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጥ እናት ልጇን አዝላ ስትውል መኪና ሳይኖራት ከባለመኪናው በላይ ትከፍል ነበር።

ሀብታሞቹ አገሮች ቀድመው ነቁ። ጃፓን በ1975 ተራውን ቤንዚን ከእርሳስ ነጻ አደረገች። አሜሪካም በዚያው ዓመት በመኪኖቿ ጭስ ማውጫ ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ማስገጠም ጀመረች፤ ይህ መሣሪያ ጭሱን የሚያጸዳ ሲሆን እርሳስ ከነካው ይሞታል። እዚህ ላይ የእኛ ንግድ ይገባል። እነዚያው ከእርሳስ ነጻ ቤንዚን የለመዱ የጃፓን መኪኖች አርጅተው በመርከብ ወደ ሞምባሳ መጡ። እኛም በደስታ ገዝተን እርሳስ አጠጣናቸው። ጭስ ማጽጃው ሞተ፤ መካኒኩ «ይህ አንቆ ይዞታል» ብሎ ቆርጦ ጣለው። መኪናው ንጹሕ ሆኖ መጣና እኛ ጋ ቆሸሸ።

ከዳካር እስከ ጊጊሪ

ለውጡ የጀመረው በሰኔ 2001 ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች ተወካዮች በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ተሰብስበው እስከ 2005 መጨረሻ የእርሳስ ቤንዚንን ለማቆም ተስማሙ። ያን ጊዜ ከነዚህ አገሮች ሙሉ በሙሉ ከእርሳስ የጸዳችው ሱዳን ብቻ ነበረች። በ2002 በጆሃንስበርግ በተደረገው የዓለም ጉባኤ ላይ ደግሞ መንግሥታትን፣ የነዳጅና የመኪና ኩባንያዎችን ያቀፈ ኅብረት ተመሠረተ። ሥራውን ያስተባበረው ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ጊጊሪ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ነው። በየቀኑ በሊሙሩ መንገድ ስናልፍ አጥሩን የምናየው ማለት ነው።

በጊዜው የነበረውን ፍርሃት አስታውሳለሁ። ሾፌሮች «እርሳስ ከሌለው ቫልቩን ይበላዋል» ይሉ ነበር። ነገሩ መሠረት አለው፤ በአሮጌ ሞተሮች ላይ የእርሳሱ ቅሪት የቫልቩን መቀመጫ እንደ ትራስ ሆኖ ይጠብቀው ነበር። ነገር ግን በተራ የከተማ መንዳት የተፈራው ያህል ጉዳት አልደረሰም፤ ከጊዜ በኋላ የተሠሩት መኪኖች ደግሞ መቀመጫቸው ከጠንካራ ብረት ስለሆነ ጉዳዩ አይመለከታቸውም። ኢትዮጵያ ከቀነ ገደቡ ቀድማ አቆመች። ኬንያም ተከተለች፤ ጥር 1 ቀን 2006 ሲገባ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ በሙሉ ከእርሳስ ቤንዚን ወጣ። በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ ነው ይህ የሆነው። አፍሪካ ዘገየች ሲባል እንሰማለን፤ በዚህ ጉዳይ ግን አሜሪካ ከ20 ዓመት በላይ የፈጀባትን እኛ በአራት ዓመት ተኩል ጨረስነው።

በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፤ በሐምሌ 2021 ማደያዎቿ የእርሳስ ቤንዚን መሸጥ አቆሙ። ነሐሴ 30 ቀን 2021 ከዚችው ከናይሮቢ ለዓለም ተነገረ፤ የእርሳስ ቤንዚን ከመንገድ ጠፋ። መሥሪያ ቤቱ እንደገመተው ይህ ውሳኔ በዓመት ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ያለ ጊዜ የሚመጣ ሞት ያስቀራል። ከዴይተኑ ማደያ እስከዚያ ቀን ድረስ 98 ዓመት አለፈ።

ማጣሪያዎቹስ? የአሰቡ በ1997 ተዘጋ። የሞምባሳው በ2013 ማጣራቱን አቆመ። ዛሬ ኢትዮጵያም ኬንያም ተጣርቶ ያለቀ ነዳጅ ነው የሚያስገቡት፤ የእኛ በጅቡቲ፣ የነሱ በሞምባሳ። ኦክቴኑም ከእርሳስ ሳይሆን ከተሻለ የማጣራት ሥራና ከሌሎች ቅመሞች ይመጣል።

የተጣለው አልኮልም ተመለሰ። ኬንያ ከ1983 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በሙሆሮኒ ከሞላሰስ የሚወጣ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ቀላቅላ ሸጣለች። ኢትዮጵያም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣውን ኤታኖል በ2008 በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ መጨመር ጀመረች። በ1920ዎቹ «ማንም ሊጠምቀው ይችላል» ተብሎ የተተወው ያ ነው። ማንም ሊጠምቀው መቻሉ ለእኛ ጥቅም ነበር።

ዛሬም ዕዳ የሚያዛውር አለ

እርሳስ ሄደ ማለት ግን ማታለል ሄደ ማለት አይደለም። ዛሬ ኦክቴን የሚሰርቀው ነጭ ጋዝ ነው። ኬንያ ውስጥ ነጭ ጋዝ ለድሃው ማብሰያ ተብሎ በርካሽ ይሸጥ ስለነበር፣ አንዳንዱ ነጋዴ ከናፍጣና ከቤንዚን ጋር እየቀላቀለ ይሸጠው ነበር። ነጭ ጋዝ በቤንዚን ሞተር ውስጥ ትዕግሥት የሚባል ነገር የለውም፤ ጥቂት ሲጨመር እንኳ ኦክቴኑን ቁልቁል ይጎትተዋል። መንግሥት በመስከረም 2018 በአንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ላይ 18 ሺሊንግ የቅልቅል መከላከያ ቀረጥ የጣለው ለዚህ ነው። ቅልቅሉን ያዳከመው ያህል በምድጃ የምታበስለውን እናት ጎድቷል። አሁንም ወጪው ተዛወረ ማለት ነው።

የእኔ ትምህርት የመጣው በሞያሌ መንገድ ነው። ከቀረጡ በፊት ነው፤ የነበረኝ መኪና ተርቦ ያለው ሱባሩ ፎረስተር ነው። ከሞያሌ በርበሬ፣ ሽሮና ለሠርግ ሰሞን የታዘዘ የሀገር ልብስ ጭኜ ስመለስ፣ ከማደያው ይልቅ ከመንገድ ዳር ከጄሪካን ቀዳሁ። በሊትር ያተረፍኩትን ሳሰላ ደስ ብሎኝ ነበር። የቤንዚኑ ሽታ ላምባ ላምባ ይላል፤ እኔ ግን ጄሪካኑ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከቱርቢ አልፈን የማርሳቢትን ዳገት ስንጀምር የሳንቲሙ ድምፅ መጣ። ነዳጁን ስለቅ ይጠፋል፣ ስረግጥ ይመለሳል። ሾፌሩ ልጅ «እትዬ፣ ቀስ እንበል» አለኝ። እኔ ደግሞ ሠርጉ ቅዳሜ ነው፤ «ግድየለህም ንዳ» አልኩት። ማርሳቢትን አልፈን ሎጎሎጎ ስንደርስ ሞተሩ ጭሱን ተፍቶ ቆመ። በሌላ መኪና ተጎትተን ኢሲኦሎ ገባን።

በኋላ ናይሮቢ፣ ኪሪኛጋ መንገድ፣ አንድ የኛ አገር ሰው የሆኑ አንጋፋ መካኒክ ቴስታታውን ፈተው ፒስተኑን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ጠርዙ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል። «ጋሼ፣ ምን ነካው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይህ መኪና ታጋሽ ቤንዚን ነው የሚፈልገው፤ አንቺ ችኩሉን አጠጣሽው» አሉኝ። «ሲያንኳኳ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሲያንኳኳ ቢከፍቱለት መልካም ነበር» ብለው ሳቁ።

ሞተር ቀየርኩ። የሦስት ወር ትርፌ ሄደ፤ ልብሱም ለሠርጉ አልደረሰም። በጄሪካኑ ያተረፍኩት የአንድ ቀን ምሳ አይገዛም ነበር። ከዚያ በኋላ ሱባሩውን ሸጬ ፊልደር ገዛሁ። እዚህ ላይ ደግሞ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። እንደ ደነገጠ ሰው፣ ሱፐር ለሚበቃው መኪና ውዱን ስቀዳ ኖርኩ።

እንግዲህ የቱን እንቅዳ?

ሂሳቡን ልሥራላችሁ። ውዱ ቤንዚን ከሱፐር በሊትር 20 ሺሊንግ ይበልጣል እንበል። በሳምንት 40 ሊትር የምትቀዱ ከሆነ 800 ሺሊንግ ነው። በዓመት 41,600 ሺሊንግ። ይህ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። መኪናው የማይፈልገው ከሆነ ገንዘቡ በጭስ ማውጫው ወጣ ማለት ነው፤ ጉልበት አይጨምርም፣ ሞተር አያጠነክርም። ውዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚኖረው ማጽጃ ቅመም ጥቅም ቢኖረውም፣ ለእሱ ብሎ በየሳምንቱ መክፈል የግድ አይደለም።

የነዳጅ መክፈቻውን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ፤ ካልሆነም የመኪናውን መጽሐፍ አንብቡ። በጃፓን ሁለት ዓይነት ቤንዚን አለ፤ ሬጉላር የሚባለው በደንቡ ቢያንስ 89 ሲሆን፣ «ሃይኦኩ» የሚሉት ከፍተኛው ቢያንስ 96 ነው። ፊልደር፣ ፕሮቦክስ፣ ቪትዝና የመሳሰሉት ለሬጉላር የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ የኬንያ ሱፐር ይበቃቸዋል። ተርቦ ያላቸው ሱባሩዎችና ብዙዎቹ የአውሮፓ መኪኖች ግን ከፍተኛውን ይፈልጋሉ፤ ክዳናቸው ላይ 95 ወይም ከዚያ በላይ ተጽፎ ታያላችሁ። ለእነዚህ ውዱን መቅዳት ቅንጦት አይደለም፤ መስጠት ካልፈለጋችሁ መጀመሪያውኑ አትግዟቸው። ከማደያው የሚቀዳውንም ቁጥር ጠይቁ፤ «ውድ» የሚለው ስም ብቻውን ቁጥር አይደለም።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ «87 ይበቃል» ቢሏችሁ አትደናገጡ። እነሱ የሚለኩት በሌላ ሚዛን ነው፤ የእነሱ 87 በእኛ ሚዛን ወደ 91 ገደማ ነው፣ የእነሱ 91 ደግሞ ወደ 95 ይጠጋል።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር። አዲስ አበባ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ናይሮቢም ቀለል ያለ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተር የሚጨምቀው ይቀንሳል፤ ማንኳኳትም ይቀንሳል። ናይሮቢ ላይ ዝም ያለ መኪና ጭኖ ሞምባሳ ሲወርድ፣ አየሩ ከባድና ሞቃት ስለሆነ ሊያንኳኳ ይችላል። ተርቦ ያለው ግን አየር ራሱ እየገፋ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙም አያተርፍለትም። አዳዲስ መኪኖች ማንኳኳትን የሚሰማ ሴንሰር አላቸው፤ ሞተሩን ያዘገዩታል። አይሰበርም ማለት ይቻላል፤ ግን ጉልበቱ ይወርዳል፣ ነዳጅም ይበላል።

በኢትዮጵያ ማደያ ቤንዚን አንድ ነው፤ የምትመርጡት ቁጥር የለም። ስለዚህ ምርጫው መኪናው ሲገዛ ነው የሚደረገው፤ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ደግሞ፣ አገር ቤት ያለችውን አሮጌ መኪና በትዕግሥት መያዝ ነው።

ጄሪካኑን ግን እባካችሁ ተዉት። ሞያሌም ሆነ ማርሳቢት ማደያ አለ። ዋጋው ሲረክስ የመምህራችንን ጥያቄ ጠይቁ፤ ወጪው ቀንሶ ነው ወይስ ወደ እኔ ተዛውሮ? ደረሰኝ ያዙ። ሞተራችሁ ሲያንኳኳ ደግሞ ቁሙ፤ ሠርጉ ቅዳሜም ቢሆን።

አባቴ ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ናይሮቢ መጥቶ ነበር። ማደያ ስንቆም እንደ ድሮው ወርዶ ሊቀዳ አለ። ጥቂት እጁ ላይ ፈሰሰበት፤ በልማዱ እጁን በእጁ ሊያሸው ሲል ውኃና ሳሙና አመጣሁለት። «ምን ሆነሻል? ቤንዚን እኮ ነው» አለኝ። «አባዬ፣ የድሮው አይደለም፤ ግን ታጠብ» አልኩት። የዛሬውም ቢሆን ለቆዳና ለሳንባ ደግ አይደለም። ታጠበልኝ፤ እኔም እንደ ልጅነቴ ጣሳውን ያዝኩለት።

መልካም መንገድ።